ተራራ ልጎበኝ ሄጄ ተጎብኝቼ ተመለስኩ

ከሰው ጋር መጓዝ ይሻላል ወይስ ብቻን? ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ሲያጋጥመኝ ቶሎ ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ባለቤቴ ታደለች አጠገቤ ካለች ግን ወሬ መቀየር አይቻልም። «እስቲ አንተ ንገራቸው» ትላለች፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አድርጋ። ስለዚህ ከእሷ ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል። እሷ ስታወራው የኔ ቁመት ያጥራል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት እኔ ጂኦግራፊ፣ ታደለች ደግሞ አንደኛ ክፍልን እናስተምር ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ለብቻው የሚያደርገው ነገር ብዙ አልነበረም። የምንሰበሰበው በጋራ፣ የምናርመው በጋራ፣ የምናጨበጭበው በጋራ ነው። ለብቻ የቀረ ነገር ቢኖር ማስነጠስ ነው፤ እሱም ቢሆን «ይማርህ» የሚል ኮሚቴ አያጣም።

የትምህርት ቤታችን የጉብኝት ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ኤርጫፎ ነበር፣ የስፖርት መምህሩ። ጓድ ኤርጫፎ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉዋ ፊሽካው ናት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቢላቴ ወንዝ ዳር ወስዶን ነበር። ፊሽካ ሲነፋ ወደ ግራ እናያለን፤ ሲደግም ወደ ቀኝ። ፕሮግራሙ በስቴንስል ተባዝቶ በየእጃችን ተሰጥቶናል፤ እዚያ ላይ «ከ4:10 እስከ 4:20 የተፈጥሮን ውበት ማድነቅ» የሚል አለ። እኔ የጂኦግራፊ ሰው ነኝና ወንዝ ሳይ ይረሳኛል፤ እስከ 4:22 አደነቅኩ። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቼ ሁለት ደቂቃ ትርፍ በማድነቄ ግለ ሂስ አደረግኩ።

እንግዲህ ጓድ ኤርጫፎ በዚያ ጥቅምት «ቀጣዩ ጉብኝት ሀምባሪቾ ተራራ ነው» ብሎ መምህራን ማረፊያ ክፍል ሲገባ ደሜ ፈላ። ሀምባሪቾን ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ስዬዋለሁ! ከአንጋጫ ወደ ዱራሜ ሲሄዱ ያለውን ያን የሚያህል ተራራ በፊሽካ ላየው?

«እኔ ብቻዬን ነው የምሄደው» አልኩ።

የሻይ ማንኪያ ሁሉ ማማሰሉን አቆመ።

«ብቻህን ማለት?» አለ ጓድ ኤርጫፎ።

«ብቻዬን ማለት ብቻዬን። እናንተ በመኪና ስትንጓጉ እኔ ጫፉ ላይ ቆሜ እጄን አውለበልብላችኋለሁ። መንጋ እረኛ ይፈልጋል፤ ንስር ግን ማንንም አይከተልም።»

ይህችን የንስር ነገር ከየት እንዳመጣኋት እስከ ዛሬ አላውቅም። ታደለች ደብተር እያረመች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ ወደ ደብተሩ ጎንበስ አለች። የሆነ ልጅ ደብተር ላይ ኤክስ ስታሰምር ሰማሁ፤ ረዥም ኤክስ ነበር።

ያን ጊዜ ከቦታ ቦታ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ጓድ ኤርጫፎ የሠላሳ ሁለታችንንም ስም የያዘ አንድ ደብዳቤ አስቀድሞ አውጥቶ ነበር፤ የኔም ስም አለበት። ስሜ ደብዳቤው ላይ ካለ ሌላ ወረቀት ምን ያደርግልኛል አልኩ። ደብዳቤው በሱ ኪስ እንደሚጓዝ፣ እኔ ደግሞ በሌላ መኪና እንደምጓዝ አላሰብኩትም። የመታወቂያ ደብተሬንም አሮጌው ኮቴ ኪስ ውስጥ ትቼው፣ ለጉዞው ክብር ብዬ አዲሱን ለብሼ ወጣሁ። ንስር ኪሱን አይፈትሽም።

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ከሌሞ ገብስ ጭኖ ወደ አዲሎ የሚሄደውን የከድርን ኤንትሬ ያዝኩ። ከድር የአዲሎ ሰው ነው፤ ደግ ሹፌር። ጋቢናው ውስጥ እናቱን አሳፍሮ ስለነበር እኔ ከላይ ጆንያው ላይ ተሰቀልኩ።

«ከአንጋጫ አለፍ ብለን ተራራው ሥር አውርደኝ» አልኩት።

«ስትደርስ የጋቢናውን ጣራ በመዳፍህ ደብደብ አድርግ፣ መምህር። እቆምልሃለሁ።»

ገብስ የተሞላ ጆንያ ላይ ተኝታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ከሆሳዕና ሆቴሎች ፍራሽ ሁሉ ይበልጣል። ንጋቱ ቀዝቀዝ ያለ፣ መኪናው እሹሩሩ የሚል። ዓይኔን ለትንሽ ጊዜ ላሳርፈው ብዬ ከደንኩት። የገለጥኩት አንድ ሰው በሁለት እጁ እግሬን ይዞ ሲጎትት ነው።

«ኧረ ይሄኛው ጆንያ ይንቀሳቀሳል!» ብሎ ጮኸ ወዛደሩ።

ብድግ ስል ዙሪያዬን ገበያ ነው። ዶሮ፣ ቃሪያ፣ አህያ፣ ሸክላ። ተራራ የለም። አዲሎ ነበርኩ፤ አንጋጫን አልፌ፣ ሀምባሪቾን አልፌ፣ ዱራሜን አልፌ። ያን ሁሉ አገር ተኝቼ ጎብኝቼዋለሁ።

ከድር ግንባሩን መታ። «መምህር! አንጋጫ ቆሜ ተጣርቻለሁ እኮ! ዝም ስትል የወረድክ መስሎኝ ነው። እማዬም ‹ጨዋ ልጅ ነው፣ ሳያስቸግር ወረደ› ብላ መረቀችህ።»

የተመረቅሁ ሰው ነኝና ተስፋ አልቆረጥኩም። ከድር የዱራሜ መንገድ ላይ የሚመላለስ ጋሪ ፈልጎ አሳፈረኝ። ባለጋሪው ጥቂት ከተጓዝን በኋላ መንገዱን በአለንጋው አሳየኝ። «ዱራሜ ምን ያደርግልሃል? እዚህ ጋ ወደ ቀኝ ቁረጥ፣ ወንዟን ተሻገር፣ ከዚያ ተራራው ፊት ለፊትህ ነው። ተራራ እንዴት ይጠፋል?»

እውነቱን ነው፣ ተራራ አይጠፋም። የሚጠፋው ሰው ነው። የከምባታ እንሰት ቅጠሉ ከሰው በላይ ጣራ ሠርቶ የቆመ ስለሆነ፣ ውስጡ የገባ ሰው ተራራ ቀርቶ ሰማይ የሚያየው በቁራጭ ነው። ከአንዱ ጓሮ ወጥቼ ወደ ሌላው ጓሮ ገባሁ። አንዲት አሮጊት እናት አገኘሁና በሀዲይኛ መንገድ ጠየቅኳቸው፤ የሌሞ ልጅ ነኝ፣ አፌን የፈታሁበት ነው። እሳቸው በከምባትኛ መለሱልኝ። ሁለቱ ቋንቋዎች የአጎት ልጆች ናቸው፤ የአጎት ልጆች ደግሞ በብዙ ነገር ተመሳስለው ዋናው ነገር ላይ ይለያያሉ። ተራራ የሚለውን ተግባባን። ግራና ቀኝ ላይ ተለያየን።

ወንዟን ሁለት ጊዜ ተሻገርኩ፤ መሻገር የነበረብኝ አንድ ጊዜ ነው። በሁለተኛው ላይ ጭቃው የግራ እግር ጫማዬን ለራሱ አስቀረው። እጄን እስከ ክንዴ ከትቼ ፈለግኩ። ጭቃው የያዘውን የሚመልስ ዓይነት አልነበረም።

በመጨረሻ አንዲት ጉብታ ላይ ወጣሁና አገሩን አየሁ። ከታች የእንጨት ድልድይ አለ፣ በቆርቆሮ የተሠራ ረዥም መጋዘን አለ፣ አንድ ትምህርት ቤት የሚመስል ቤት አለ። «በቃ» አልኩ፣ «የጂኦግራፊ ሰው በካርታ ነው የሚድነው።» ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ድልድዩን ሳልኩ፣ መጋዘኑን ሳልኩ፣ ርቀቱን በዓይኔ ገምቼ ጻፍኩ። የሰሜን ቀስት እያሳመርኩ ሳለ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?»

ዞር ስል ከሁለታችንም በዕድሜ የሚበልጥ ጠመንጃ ያነገተ ረዥም ሰው ቆሟል፤ የገበሬ ማኅበሩ ጠባቂ ነው።

«ካርታ» አልኩት፣ ኩራት ብጤ እየተሰማኝ።

የሰውየው ቅንድብ ወደ ላይ ሲወጣ ነው የተናገርኩት ነገር የገባኝ። በዚያን ዘመን «ጸጉረ ልውጥ» የሚባለው ቃል ቀልድ አልነበረም። በየስብሰባው «ጸጉረ ልውጥ ስታዩ ያዙ» ይባላል። እኔ ራሴ ቀበሌያችን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ደግፌዋለሁ፤ በሙሉ ድምፅ ነው ያለፈው። ሰው በትንሽ ነገር ታስሮ ወሬው የሚጠፋበት ጊዜ ነበርና፣ ሰውየው «ቅደም» ሲለኝ አልተከራከርኩም። በአንድ እግሬ ኳ፣ በአንድ እግሬ ጰ እያልኩ ቀደምኩ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ አኑሎ ይባላሉ። ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ትልቅ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጡኝ።

«መታወቂያ?»

«አሮጌው ኮቴ ውስጥ።»

«ኮቱ የት አለ?»

«ሆሳዕና።»

«የይለፍ ወረቀት?»

«አንድ ፊሽካ ያለው ሰውዬ ኪስ ውስጥ።»

አቶ አኑሎ ጠባቂውን አዩት። ጠባቂው እኔን አየኝ። ከዚያ ኪሴን ፈተሹ። ያገኙት ካርታውንና ምሳዬን ነው፤ ዳቦ ከሁለት እንቁላል ጋር። ምሳዬን የጠቀለልኩበት ወረቀት የጓድ ኤርጫፎ ፕሮግራም ነበር። ንስር ፕሮግራም ስለማያነብ ሳላነበው ነው የጠቀለልኩበት። አቶ አኑሎ ዳቦውን በአክብሮት ወደ ጎን አድርገው ወረቀቱን ዘረጉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«ከ5:00 እስከ 7:00፣ ተራራውን መውጣት። 8:00፣ ገበሬ ማኅበሩ መግባት።» ቀና አሉ። «የትኛው ገበሬ ማኅበር?»

ወረቀቱን ተቀብዬ ቅባት የነካውን መስመር አየሁ። የማኅበሩ ስም ግድግዳው ላይም ተጽፏል። አንድ ነው።

«ይሄ የእንግዶቻችን ሰዓት ነው» አሉ አቶ አኑሎ። «ዛሬ በስምንት ሰዓት መምህራን ሊጎበኙን ይመጣሉ። አንተ ይሄን ከየት አገኘኸው?»

«እኔ ከእንግዶቹ አንዱ ነኝ!»

«እንግዶቹ የሚመጡት በመኪና ነው።»

«አዎ።»

«በስምንት ሰዓት።»

«አዎ።»

«አብረው።»

«… አዎ።»

«አንተ የመጣኸው በእግርህ፣ በስድስት ሰዓት፣ ብቻህን፣ ድልድያችንን እየሳልክ።» አንድ እግሬን አይተው ጨዋነት ይዟቸው ስለ ጫማው ምንም አላሉም። «መልካም። ሁለት ሰዓት ነው የቀረው። ይምጡ፣ ካወቁህ ትሄዳለህ። ካላወቁህ ወደ ወረዳ እንልክሃለን።»

ፍርዱ ትክክለኛ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ እኔ ብቀመጥም ከዚህ የተሻለ አልፈርድም። ግን አስቡት። ከዚያ ጣጣ ሊያወጡኝ የሚችሉት በምድር ላይ እነዚያ ሠላሳ አንድ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ በዚያ ሁኔታ ሊያዩኝ የማይገባቸውም እነዚያው ናቸው።

«ሊቀመንበር» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እንግዶቹ ሳይመጡ በፊት ብሄድስ?»

የሰውየው ፊት ተለወጠ። «እንግዳ ነኝ አላልክም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ እንግዶቹ ሲመጡ ለምን ትሸሻለህ?»

ስለ ንስር ልነግራቸው አልችልም። ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ጭኑ ላይ አደረገውና፣ እኔ ወደ ዘር መጋዘን ተወሰድኩ።

አቶ አኑሎን ግን አልከሳቸውም። ወዲያው ትኩስ ቆጮ፣ ጎመንና አይብ አስመጡልኝ። «እስረኛም ቢሆን አገራችን የገባ ሰው ሳይበላ አይውልም» አሉ። ጠባቂው እጄን አስታጠበኝና በሩ ላይ ተቀመጠ። በላሁ። ፍርሃት ጉሮሮ ይዘጋል የሚሉ ሰዎች አይብ አልቀረበላቸውም። ከዚያ ግን የስንዴ ዘር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ማሰብ ጀመርኩ። መኪናው ቢበላሽስ? ዝናብ መጥቶ ቢመለሱስ? ጓድ ኤርጫፎ ሰዓት የሚያከብር ሰው ይሁን ብዬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸለይኩ። ከዚያ ፊታቸው ታየኝና ቢቀር ይሻላል ብዬ ጸሎቴን አነሳሁ። ከዚያ ወረዳው ትዝ አለኝና ጸሎቴን መለስኩ። ጸሎቴን የሚሰማው ሰነፍ ተማሪ ሳልመስለው አልቀረሁም።

ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ፊሽካ ተነፋ።

ድምፃቸው ከውጭ ይሰማኛል። አቶ አኑሎ ችግኙን አሳዩ፤ ፊሽካ። የመሠረተ ትምህርት ጣቢያውን አሳዩ፤ ፊሽካ። የጉድጓድ መጸዳጃ ቤቱን አሳዩ፤ ፊሽካ፣ ጭብጨባ። እግሮች ወደ መጋዘኑ መጡ።

«አሁን ደግሞ» አሉ አቶ አኑሎ፣ «አባሎቻችን ምን ያህል ንቁ እንደሆኑ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። ፕሮግራማችሁ ላይ የለም። ዛሬ ነው የተገኘው።»

በሩ ተከፈተ። ብርሃኑ ሲገባ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጓድ ኤርጫፎ፣ ሰውየው ልማዱ ነውና፣ ፊሽካውን ነፋ፤ «ጓዶች፣ በቀኝ በኩል!» ሠላሳ አንድ ሰው ወደ ቀኝ ዞረና ጀርባዬን ጎበኘ።

መጀመሪያ የሳቀው የሒሳብ መምህሩ ነው። ኮቴን አውቆት ነው። ከዚያ ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ፤ አንዲት መምህርት ጆንያ ተደግፋ ቁጭ አለች። አቶ አኑሎና ጠባቂው ብቻ አልሳቁም፤ ለእነሱ ቀልድ አልነበረም።

«ታውቁታላችሁ?» አሉ አቶ አኑሎ። «ስሙ ደብዳቤያችሁ ላይ አለ ይላል።»

ጓድ ኤርጫፎ ደብዳቤውን አወጣ። ከራስጌ እስከ ግርጌ በጣቱ ወረደ። ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ ታደለች አየት አደረገና መልሶ ወደ ወረቀቱ። «ስሙ… ነበረ። ተሰርዟል» አለ። እውነትም በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ፣ ቀጥ ተደርጎ ተሰርዟል። ሕግ አክባሪ ሰው ነውና መዋሸት አልቻለም። ሳቁ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ደብዳቤ የሚባል ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የጠባቂው እጅ ወደ ጠመንጃው ማንገቻ ተመለሰ።

ታደለች ከሰው መሐል ወጥታ መጣች።

«እህቴ፣ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?» አሏት አቶ አኑሎ።

ቀረብ ብላ አየችኝ። ጭቃ የለበሰውን ክንዴን አየች፣ ባዶ እግሬን አየች፣ ከንፈሬ ላይ የቀረውን አይብ አየች።

«ባሌን ይመስላል» አለች። «ግን ባሌ አሁን ሀምባሪቾ ጫፍ ላይ ቆሞ እጁን እያውለበለበ ነው። ለሁላችንም ነግሮናል።»

«ታዱ!» አልኩ። ድምፄ የወጣው ከአንደኛ ክፍል ልጅ ጉሮሮ ነው።

«እሱ አይደለም ማለት ነው?» አሉ አቶ አኑሎ፣ ከልባቸው።

ያኔ የፊቷ ቀለም ተለወጠ። ሰውየው እንዳልቀለዱ ገባት። ፈጥና መጥታ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘች፤ ጭቃው ነጠላዋን እንዳበላሸው እንኳ አላየችም። «ነው፣ አባቴ፣ ነው። ባሌ ነው። ሞኝ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። እኔ እፈርማለሁ።»

ሠላሳውም መምህር አንድ ላይ «እኛም እንፈርማለን!» አለ። ጓድ ኤርጫፎ ራሱ ከሁሉ ቀድሞ እስክሪብቶውን መዘዘ። አቶ አኑሎ አንድ ወረቀት አስጽፈው ታደለችን አስፈረሙ፤ በጥሩ የእጅ ጽሑፏ «ተረክቤያለሁ» ብላ ጻፈች። ማኅተም ተመታበት። ከዚያ ሊቀመንበሩ እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «መምህር፣ አይቀየሙን፤ ሁለተኛ ሲመጡ በቤቴ በኩል ይምጡ» አሉና ኮንጎ ጫማ ሰጡኝ። ያ ቀን ከሰጠኝ ክብር ሁሉ ያችን «እርስዎ» አልረሳትም።

ወደ ሆሳዕና ስንመለስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ሀምባሪቾን በመኪናው ጀርባ በኩል እየራቀ ሲሄድ አየሁት፤ ጓድ ኤርጫፎ አዝኖልኝ ነው መሰለኝ ለዚህ ፊሽካ አልነፋም። መቀመጫዬም ስለተሰረዘ ታደለች ጠጋ ብላ የራሷን ግማሽ ሰጥታኛለች። እኔ አንጋጫ እስክንደርስ ኤርጫፎን በሆዴ ስረግም ቆየሁ።

«ያ ሰውዬ» አልኩ በመጨረሻ፣ «በቀይ እስክሪብቶ ስሜን ሰርዞ ሊያስበላኝ!»

«እሱ አይደለም» አለች። «ቀይ እስክሪብቶው የኔ ነው። ሰርዘው ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ዞር ብዬ አየኋት። ተራራውን ነበር የምታየው።

«ለምን?»

«ከተጋባን ጀምሮ የሄድኩበት ሁሉ አብረኸኝ ነህ። ቢላቴም ስለ ወንዝ አፈጣጠር ስታስረዳኝ ውሃውን አላየሁትም። አንድ ቀን ብቻዬን መጓዝ ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጌ ነበር።»

መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ወጣ። ሠላሳ ሰው አንድ ላይ ብድግ ብሎ አንድ ላይ ተቀመጠ።

«እና እንዴት ነበር?» አልኳት።

ነጠላዋ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ እየፋቀች ትንሽ አሰበች።

«እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ» አለች፣ «በጣም ጥሩ ነበር።»